የሞባይል ባንክን በሱቅ ውስጥ ማዝለቅ፦ ለወሎ አነስተኛ ነጋዴዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልድያም ሆነ በከሚሴ ሱቅ ለከፈተ ሰው የሞባይል ባንክ አገልግሎት ማስጀመር ዛሬ ብዙ አያስቸግርም። መታወቂያና በራስ ስም የወጣ ሲም ካርድ ይዞ ወደ ባንክ ወይም ወደ ወኪል መሄድ በአብዛኛው ይበቃል። አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የሒሳብ ቁጥሩን ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ነጋዴ ከጥቂት ወራት በኋላ «ጥሬ ገንዘብ ካለዎት ይሻለኛል» ማለት ሲጀምር፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ በዚያው ባንክ፣ በዚያው ኔትወርክ፣ ለዚያው ዓይነት ደንበኛ እየሸጠ አጠቃቀሙን ከዓመት ዓመት ሲያሰፋ እናያለን። ሁለቱን የሚለያቸው በየሱቃቸው ያለው አሠራር ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው በዚሁ አሠራር ላይ ነው።

አንድን ቴክኖሎጂ መጀመርና በእሱ መቀጠል የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸው በጥናት ዘርፍ ከታወቀ ቆይቷል። አኖል ባታቸርጂ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ተጠቃሚው የሚቀጥለው አገልግሎቱን አስቀድሞ የጠበቀውን ያህል ሆኖ ሲያገኘው፣ በዚህም ሲረካና ጥቅሙን በተግባር ሲያየው ነው። ይህን ወደ ሱቅ ስናመጣው፣ ለነጋዴ ከጥቅሞች ሁሉ የሚቀድመው አንድ ነገር ይመስለኛል፦ በስልክ የገባ ገንዘብ በባንክ ቤት ወረፋ ሳያልፍ መልሶ ዕቃ መሆን መቻል አለበት። ገንዘቡ ገብቶ የሚቆም ከሆነ ነጋዴው ዋል አደር ብሎ አገልግሎቱን መተዉ አይቀርም።

ብዙ ሰው ወደዚህ አገልግሎት የገባው ተገፍቶ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዳዲስ የብር ኖቶች ይፋ ሲሆኑ ገንዘቡን በቤቱ ያስቀመጠ ነጋዴ ሁሉ አሮጌውን ይዞ ወደ ባንክ መሄድ ነበረበት። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲፈጸም ሲወሰን ደግሞ የባጃጁም የታክሲውም ሹፌር ስልኩን ለክፍያ ማዋል ግድ ሆነበት። ግፊት ግን ሰውን ያስገባል እንጂ አያስቀምጠውም። የባጃጅ ሹፌሩን ሁኔታ ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ ነዳጁን በስልክ ስለሚከፍል፣ ተሳፋሪው በስልክ ልክፈልህ ሲለው ደስ ብሎት ይቀበላል፣ ምክንያቱም ያ ገንዘብ በማግስቱ ነዳጅ እንደሚሆንለት ያውቃል። የገንዘቡ መግቢያና መውጫ በአንድ ስልክ ላይ ተገናኝተውለታል። ባለሱቁም ማግኘት ያለበት ይህንኑ ነው።

መውጫውን አስቀድሞ ማዘጋጀት

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ደንበኛ እንዴት ይክፈለኝ ከሚለው ጥያቄ ሳይሆን እኔ ለማን እከፍላለሁ ከሚለው ነው። አንድ ወረቀት ይያዙና በወር ውስጥ ገንዘብ የሚከፍሏቸውን ሁሉ ይጻፉ፦ ዱቄትና ዘይት የሚያመጣልዎት ጅምላ ሻጭ፣ የለስላሳ አከፋፋዩ፣ መርካቶ ያለው ደንበኛዎ፣ ዕቃውን የሚጭነው ሹፌር፣ የሱቁ አከራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ዕቁብ። ከዚያም ለእያንዳንዳቸው «በስልክ ብልክልዎት ይቀበላሉ ወይ? በየትኛው ባንክ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከስማቸው አጠገብ ይጻፉ። በዚህ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ባንክ ወይም የክፍያ አገልግሎት የእርስዎ ዋና አገልግሎት መሆን ይገባዋል። ብዙ ነጋዴዎች ባንክ የሚመርጡት ቅርንጫፉ ለሱቃቸው ስለቀረበ ወይም ዘመድ ስለሚሠራበት ነው፤ ለእኔ ግን የአቅራቢዎ ባንክ ከሱቅዎ አጠገብ ካለው ባንክ ይበልጥ ሊቀርብዎት ይገባል።

አቅራቢዎ በሌላ ባንክ ቢሆንም መንገዱ ዝግ አይደለም። የአገሪቱ ባንኮች በኢትስዊች አማካይነት ስለተሳሰሩ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው በስልክ ማስተላለፍ ይቻላል። ሆኖም የአገልግሎት ክፍያው በዚያው ባንክ ውስጥ ከሚደረገው ዝውውር ሊበልጥ ይችላል፤ በአንድ ጊዜና በአንድ ቀን የሚላከው ገንዘብም ጣሪያ አለው። ይህን ጣሪያ አቅራቢው ዕቃ ጭኖ በር ላይ በቆመበት ሰዓት ማወቅ ትልቅ ችግር ነው። ሒሳቡ ሲከፈት ዕለታዊ ገደቡን ይጠይቁ፤ ለንግድዎ የማይበቃ ከሆነም የንግድ ፈቃድዎን አቅርበው ከፍ እንዲል ያመልክቱ።

አዲስ ለሚልኩለት ሰው የመጀመሪያው ዝውውር ትንሽ ገንዘብ ይሁን። ቁጥሩን ካስገቡ በኋላ የሚስጥር ቁጥር ከመጠየቁ በፊት ወይም ከማረጋገጫው በፊት የተቀባዩ ስም በስልክዎ ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ይቁሙ። ስሙን እስከ አያቱ ድረስ ያንብቡት። በወሎ ገበያ መሐመድ አሊ፣ ሰይድ መሐመድ፣ ከድር የሱፍ የሚባል ነጋዴ ብዙ ስለሆነ የራስና የአባት ስም መግጠሙ ብቻ አይበቃም። አቅራቢዎን በስልክ ይደውሉና «ሙሉ ስምዎ በባንክ እንዴት ነው የተጻፈው?» ብለው ይጠይቁት፤ ትንሹ ገንዘብ መድረሱን ሲያረጋግጥልዎ ሒሳቡን በስልኩ ላይ በስም ያስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን እንደገና መጻፍ አያስፈልግም፤ በተሳሳተ አኃዝ ምክንያት ወደማያውቁት ሰው የመላክ ስጋትም በእጅጉ ይቀንሳል።

ከደሴ አዲስ አበባ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ነጋዴ ገንዘቡን በወገቡ አስሮ ሌሊት ተነሥቶ መርካቶ ይወርድ ነበር። ዛሬ ገንዘቡን ከሱቁ ሳይወጣ ልኮ ዕቃው በጭነት መኪና እንዲመጣለት ያደርጋል። ይህን አንድ ጊዜ በሰላም የሠራ ሰው ገንዘብ ይዞ ወደ መንገድ መመለስ አይፈልግም፤ የቀሩት ጥቅሞች ሁሉ ቢሰረዙ ይህ አንዱ ብቻ ለመቀጠል በቂ ምክንያት ነው።

ከደንበኛ ሲቀበሉ

ነጋዴን ከአገልግሎቱ ከሚያስወጡት ነገሮች ሁሉ ከባዱ አንድ ቀን መታለሉ ነው። ከሰዓት በኋላ ሱቁ በሰው በተሞላበት ጊዜ አንድ ደንበኛ ዘይት በጀሪካን፣ ዱቄት በኩንታል ያዝዛል፤ ስልኩን ይነካካና ስክሪኑን ወደ ባለሱቁ አዙሮ «ይኸው ልኬያለሁ» ይላል። በስክሪኑ ላይ የባለሱቁ ስም፣ የገንዘቡ መጠንና የተሳካ ዝውውር ምልክት ይታያል። ባለሱቁ በአንድ እጁ ስኳር እየመዘነ በዓይኑ ብቻ አይቶ ያሰናብተዋል። ማታ ሒሳቡን ሲያይ ገንዘቡ የለም። የታየው ምስል የተቀናበረ ወይም የድሮ ዝውውር ፎቶ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ያለ ልዩነት ለሁሉም መሠራት አለበት። በደንበኛው ስልክ ላይ የሚታየው ነገር ሁሉ ማስረጃ ተደርጎ አይወሰድ። ማስረጃው በእርስዎ ስልክ የደረሰው መልእክት፣ ከዚያም በላይ በእርስዎ ሒሳብ ላይ የጨመረው ገንዘብ ነው። መልእክት ሲደርስ መጀመሪያ ላኪውን ይመልከቱ፤ የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፣ የባንኮችም በባንኩ ስም ይመጣል። ከተራ የስልክ ቁጥር የመጣ «ሒሳብዎ ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት የማጭበርበሪያ መልእክት ነው፤ አጻጻፉ ምንም ያህል ቢመሳሰል አይቀበሉት። ቀጥሎ ቀሪ ሒሳቡን ከቀደመው መልእክት ጋር ያስተያዩ፤ የተላከው ገንዘብ ሲደመር አዲሱን ቀሪ መስጠት አለበት። መጠኑ ትልቅ ከሆነ በመልእክቱ ሳይወሰኑ ሒሳብዎን በስልክዎ ከፍተው ይመልከቱ። የዝውውሩን መለያ ቁጥርም ይያዙ፤ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይህ ቁጥር ኤፍ-ቲ በሚሉት ሁለት ፊደላት ይጀምራል። አንድ መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከቀረበልዎ አንዱ ደረሰኝ ሐሰት ነው።

ብዙ ነጋዴ ይህን ማድረግ የሚከብደው ሥራው ስለበዛበት ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። የሚያውቀውን ሰው፣ ይልቁንም ታላቁን፣ «ቆይ ላረጋግጥ» ማለት እንደ ማዋረድ ይቆጠራል ብሎ ይሰጋል። ይህን የሚፈታው ደንቡ ለሁሉም አንድ መሆኑና አነጋገሩ ነው። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መልእክቱ እስኪደርሰኝ እዚህች ወንበር ላይ አረፍ ይበሉልኝ» ሲባል የሚቆጣ ሽማግሌ የለም። ለእኩያም «አብሽር ወንድሜ፣ አሁን ይደርሳል፣ ለሁሉም እንደዚህ ነው የምናደርገው» ማለት ይበቃል። «ክፍያ በስልካችን ደርሶ ስናረጋግጥ ዕቃውን እናስረክባለን» የሚል ጽሑፍ ከሒሳብ ቁጥሩ ሥር መለጠፍም ነገሩን ከሰው ላይ አንሥቶ ወደ ሱቁ ደንብ ያዞረዋል።

ሌላው ችግር ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት የሚፈጠረው ነው። መልእክቱ የሚደርሰው በባለቤቱ ስልክ ላይ ስለሆነ፣ እሱ መስጊድ ወይም ለቅሶ ቤት ሲሄድ፣ ወይም ኮምቦልቻ ዕቃ ሊያመጣ ሲወርድ፣ ሱቅ የቀረው ልጅ ገንዘቡ ይድረስ አይድረስ ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ወይ ደንበኛ ይመልሳል ወይ በግምት ያስረክባል። ሁለቱም ያከስራል። ለዚህ የሚሻለው የሱቁ ብቻ የሆነ ርካሽ ስልክና በባለቤቱ ስም የወጣ ሌላ ሲም ካርድ ነው። የሱቁን ሒሳብ በዚህ ቁጥር ያስመዝግቡ፤ ስልኩ ከሱቅ አይውጣ፤ ልጁ መልእክቱን ያንብብ እንጂ የሚስጥር ቁጥሩን አይወቅ። ገንዘብ ማውጣትና መላክ ሁልጊዜ በባለቤቱ እጅ ይቆይ። ልጁ ታማኝ ቢሆን እንኳ ይህ አሠራር የሚጠብቀው እሱን ጭምር ነው፤ ገንዘብ ቢጎድል ማንም ጣቱን አይቀስርበትም።

የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው ሰው በግል ሒሳብ ከመቀበል ይልቅ የነጋዴ ሒሳብ ቢያስከፍት ይመረጣል። የነጋዴ ቁጥር አጭር ስለሆነ ደንበኛው አይሳሳትም፤ ኪው አር ኮዱንም በስልኩ ካሜራ አንሥቶ ይከፍላል። ነገር ግን ገንዘቡ ከነጋዴ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ መቼና በስንት ክፍያ እንደሚዛወር ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

ኔትወርክ ሲጠፋ

የወሎ ነጋዴ ስለዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቃል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ፣ ስንቱ ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ከእነዚህ ጊዜያት ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ትምህርቶች ወጥተዋል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። በስልክ ብቻ የነበረ ገንዘብ በችግሩ ሰዓት ዳቦ መግዛት አልቻለም። በሒሳብ ውስጥ የነበረው ገንዘብ ግን ሱቁ ባዶውን ቢቀርም ሰላም ሲመለስ በቦታው ተገኘ፤ ባለቤቱም ሥራውን እንደገና የጀመረበት መነሻ ሆነው። ብዙ የወሎ ነጋዴ ዛሬም ገንዘቡን በሒሳብ የሚያሳድረው በማስታወቂያ ተስቦ ሳይሆን ይህን አይቶ ነው።

ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ከጥሬ ገንዘብ መላቀቅ አይመከርም። ለሱቁ የጥቂት ቀናት ሸቀጥና ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ይኑር፤ ከዚያ የሚተርፈው ሒሳብ ውስጥ ይደር። በተጨማሪም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን የአጭር ቁጥር አገልግሎት አስቀድመው ይልመዱት። ለቴሌብር *127#፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ *889#፣ ለሲቢኢ ብር *847# ደውሎ በቁጥር እየመረጡ መላክም ሒሳብ ማየትም ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ተራ የስልክ ኔትወርክ ብቻ ስለሆነ በቁልፍ ስልክም ይሠራል። መተግበሪያው በሰላሙ ጊዜ ስለሚያምር ብዙ ሰው አጭር ቁጥሩን ይረሳዋል፤ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን ግን ምርጫው እሱ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ክፍያ በአጭር ቁጥር መክፈልን ልማድ ቢያደርጉት እጅዎ አይረሳውም።

ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶችን መያዝም ብልህነት ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ችግር ገጥሞት አገልግሎቱ ለሰዓታት በተቋረጠ ጊዜ፣ ገንዘቡ ሁሉ በዚያ አንድ ባንክ የነበረ ነጋዴ እጁን አጣጥፎ ጠበቀ። ትልቁ ባንክ ላይ ከደረሰ በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው ሒሳብ ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም፤ ለአንድ ቀን ሥራ የሚበቃ ይኑርበት።

ገንዘቡ ከእርስዎ ሒሳብ ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ ደጋግሞ መላክ ትልቁ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብዎን ይመልከቱ። ተቀንሶ ከሆነ ሰዓቱን፣ መጠኑንና መለያ ቁጥሩን ጽፈው ይቆዩ፤ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ዘግይቶ ይደርሳል ወይም ይመለሳል። ካልሆነ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ951፣ ለቴሌብር በ127 ይደውሉ፤ ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸው አጭር ቁጥር ስላላቸው በሱቁ ስልክ ላይ ይመዝገብ። ስልኩ ካልተነሣልዎ መለያ ቁጥሩን ይዘው ቅርንጫፍ ይሂዱ። መለያ ቁጥሩን ይዞ የሄደና «ትናንት ልኬ ነበር አልደረሰም» ብቻ የሚል ሰው እኩል አይስተናገዱም።

የገበያ ቀን የራሱ ጠባይ አለው። በባቲ የሰኞ ገበያ ከብትና ግመል የሚሸጠው አርብቶ አደር ከአፋር ቆላ ወጥቶ የሚመጣ ነውና በአብዛኛው የሚፈልገው በእጁ የሚቆጥረውን ገንዘብ ነው፤ ሊፈረድበትም አይገባም። ለዚህ ዓይነት ገበያ የሚሄድ ነጋዴ ገንዘቡን ቀደም ብሎ፣ ቅዳሜ ከቅርንጫፍ ያውጣ እንጂ ሰኞ ጠዋት ገበያው ውስጥ ባለ ወኪል ላይ አይተማመን። ያን ዕለት ሁሉም የሚፈልገው ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ወኪሉ ዘንድ ሊያልቅ ይችላል።

ማታ ሒሳብ መዝጋት

በስልክ የሚገባ ገንዘብ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ በመሳቢያ ውስጥ እንዳለው ብር ሲከማች አይታይም፣ ሲጎድልም አያስደነግጥም። ስለዚህ በየማታው መጻፍ ግድ ነው። ደብተሩ ቀላል ይሁን፦ የዕለቱ ሽያጭ ጠቅላላ፣ ከዚያ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ የገባው፣ በስልክ የገባው፣ በዱቤ የወጣው። ለምሳሌ ሽያጩ 18,400 ብር ሆኖ በመሳቢያው 11,150 ብር ከተገኘና በዱቤ የተሰጠ ነገር ከሌለ፣ በስልክ የገባው 7,250 ብር መሆን አለበት። የስልኩ መልእክቶች ተደምረው 6,400 ብር ከሰጡ የጎደለው 850 ብር ያን ማታውኑ ይፈለጋል። ያላረጋገጡት አንድ ዝውውር፣ ሳይጻፍ የቀረ አንድ ዱቤ፣ ወይም ልጅዎ ከሱቁ ሒሳብ የሞላው ካርድ ሊሆን ይችላል። በዚያው ማታ ሁሉም ነገሩን ያስታውሰዋል፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚያስታውስ የለም።

የቤትን ወጪ ከሱቁ ሒሳብ አለመክፈል ከዚህ ጋር ይያያዛል። ለራስዎ በሳምንት የተወሰነ ገንዘብ ከሱቁ ሒሳብ ወደ ግል ሒሳብዎ ይላኩ፤ የልጅ ትምህርት ቤትም፣ የሠርግ መዋጮም፣ ዘካም ሆነ አሥራት ከዚያ ይውጣ። ከሱቅ ሒሳብ በቀጥታ ዘመድ የሚረዳ ሰው ማትረፉንም መክሰሩንም አያውቅም።

ዱቤ ላይ አገልግሎቱ ያመጣው ለውጥ በቂ ትኩረት አላገኘም ብዬ አስባለሁ። ከወሎ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ልጅቱ ስትልክ ገንዘቡ የሚገባው እናትየው ሒሳብ ውስጥ ነው። እናትየው ቀድሞ ባንክ ሄደው አውጥተው፣ በመንገድ ከፊሉን አጥፍተው፣ የቀረውን ለዱቤ ያመጡ ነበር። አሁን በልጃቸው ወይም በጎረቤታቸው ልጅ እገዛ ከቤታቸው ሆነው ለሱቁ ይልካሉ። ባለዱቤ ደንበኛዎ 3,000 ብር በአንድ ጊዜ መክፈል ባይችል እንኳ 200 እና 300 ብር እየላከ ሊጨርስ ይችላል፤ ትንሽ ገንዘብ ይዞ ሱቅ መምጣት የሚያሳፍረው ሰው በስልክ መላክ አያሳፍረውም። ስለዚህ የዱቤ ደብተርዎ ላይ ከደንበኛው ስም አጠገብ ስልኩንም ይጻፉ፤ የላከ ቀን «ደርሶኛል፣ ቀሪው ይህን ያህል ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይመልሱለት።

ብድር፣ ወለድና ግብር

በስልክ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ የንግዱ ታሪክ ሆኖ ይመዘገባል፤ ብድር ሰጪውም የሚያየው ይህን ታሪክ ነው። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ መላ የተባለውን አነስተኛ ብድር፣ እንደኪሴ የተባለውን ክፍያ ሲጎድል የሚሞላ ብድርና ሳንዱቅ የተባለውን ቁጠባ አስጀምሯል፤ ብድሮቹ ያለ ቤት መያዣ የሚሰጡ ናቸው። እንደኔ እምነት እንዲህ ያለው ብድር የሚገባው ለሚታወቅ ሽያጭ ብቻ ነው፤ ለበዓል ዋዜማ ዕቃ ሞልቶ በበዓሉ ማግስት ለሚመልስ ሰው ይጠቅማል፣ ለቤት ወጪ የተበደረውን ግን ሱቁን ያስበላዋል። ክፍያውንና የመመለሻ ቀኑን ሳያነብቡ «እስማማለሁ» አይጫኑ።

ወለድ የማይፈልግ ነጋዴ በዚህ ምክንያት ከአገልግሎቱ ሊርቅ አይገባም። ሲቢኢ ኑር፣ ዘምዘም ባንክ፣ ሂጅራ ባንክና የሌሎች ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮቶች አሉ፤ ሒሳቡ ሲከፈት ከወለድ ነጻ እንዲሆን በግልጽ መናገር ብቻ ነው። ቀድሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የነበረው ጸደይ ባንክም ከገጠሩ ደንበኛና ከአነስተኛው ነጋዴ ጋር የቆየ ትውውቅ ስላለው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ግብርን በተመለከተ ግልጽ መነጋገር ይሻላል፤ ብዙ ሰው አገልግሎቱን የሚተወው «ገቢዬ ይታያል» ብሎ ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. የዕለት ገቢ ግምት ሲወጣ ቅሬታ ያቀረበው ነጋዴ ስንት ነበር? ከእነሱ ውስጥ «ግምቱ ከሽያጬ ይበልጣል» ብሎ የሚያሳየው ጽሑፍ የነበረው ጥቂቱ ነው። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መዝገብ በሕግ ዕውቅና አግኝቷል፤ የሒሳብ መግለጫዎም እንደ ወረቀቱ ሁሉ ለእርስዎ የሚቆም ማስረጃ ነው። አደጋው ያለው ሁሉም ነገር በአንድ ሒሳብ ሲቀላቀል ነው፤ የደረሰዎት ዕቁብ፣ ወንድምዎ ለቤት መሥሪያ የላከው ገንዘብ፣ ተበድረው የወሰዱት ብር ሁሉ ሽያጭ መስሎ ይታያል። የሱቁን ሒሳብ የሱቅ ብቻ ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። ዝውውር ሲልኩም ሲቀበሉም ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የዕቁብ»፣ «የዘይት ዋጋ»፣ «የቤት ኪራይ» ብሎ መጻፍ ይልመዱ።

የሚስጥር ቁጥርና የጠፋ ስልክ

ከባንክ ወይም ከቴሌ ነው የምንደውለው ብሎ የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የደረሰ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሁሉ ሌባ ነው። ባንክ ይህን በስልክ አይጠይቅም። ሽልማት ደርሶዎታል የሚለውም እንዲሁ። «በስሕተት ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ጥሪ ሲመጣ በቅንነት ወዲያው መመለስ ይቀናናል፤ የላከው ገንዘብ በእርግጥ ገብቶ እንደሆነ ሒሳብዎን ከፍተው ይመልከቱ፣ ገብቶ ከሆነም ሰውየው በላከበት ባንክ በኩል እንዲያመለክት ይንገሩት፣ እርስዎም ለባንክዎ ያሳውቁ። በቀጥታ ሌላ ቁጥር ላይ ከመለሱለት አጭበርባሪው ባንክ ሄዶ ሁለተኛ ጊዜ ሊያስመልስ ይችላል።

የሱቁ ስልክ ከጠፋ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሲም ካርዱ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ከሰው ስልክ በ994 ደውለው ያዘጉ፤ ከዚያ ለባንኩ ደውለው የሞባይል አገልግሎቱን ያሳግዱ፤ በማግስቱ መታወቂያ ይዘው ሲም ካርዱን በዚያው ቁጥር ያስመልሱ፤ በመጨረሻ ቅርንጫፍ ሄደው አዲስ የሚስጥር ቁጥር ያስወጡ። እስከዚያው ግድግዳው ላይ ያለውን የሒሳብ ቁጥር በወረቀት ይሸፍኑትና ደንበኛ ወደ ሁለተኛው ሒሳብዎ እንዲልክ ያድርጉ፤ ገንዘብ ወደ ታገደው ሒሳብ ቢገባም መልእክቱ ስለማይደርስዎ ማረጋገጥ አይችሉም። ሲም ካርዱ በሌላ ሰው ስም የወጣ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ያ ሰው ካልተገኘ አይሆንምና፣ ዛሬ ስልኩ በእጅዎ እያለ ወደ ራስዎ ስም ያዛውሩት።